ሊኑክስ ወይስ ቢኤስዲ? ጎጃም ላይ ሆኖ ነጻ ኦፕሬቲንግ ሲስተም የመምረጫ መመሪያ

የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አበቃ። ዊንዶውስ 11 ደግሞ ቲፒኤም 2.0 የሚባል የደኅንነት ቺፕና አዲስ ፕሮሰሰር ይጠይቃል። በየጽሕፈት ቤቱና በየኮፒ ቤቱ ያሉት አሮጌ ላፕቶፖች ይህን አያሟሉም። ስለዚህ "ሊኑክስ ልጫን እንዴ?" የሚል ሰው በዝቷል።

ጥያቄው ጥሩ ነው። መልሱ ላይ ግን ሰው ይጣላል። አንዱ ኡቡንቱ ይላል፣ አንዱ አርች ይላል፣ ሌላው "እውነተኛው ዩኒክስ ፍሪቢኤስዲ ነው" ብሎ ያፈጣል። እኔ ከሁሉ በፊት የምጠይቀው ሌላ ነው። ኔትወርክ ለሳምንት ቢጠፋ፣ መብራትም መሃል ላይ ቢሄድ፣ የትኛው ሥራዬን አያስቆምብኝም? ደብረ ማርቆስ ወይም ሞጣ ተቀምጦ ለሚመርጥ ሰው፣ በዚህ ጥያቄ ብቻ ግማሹ ዝርዝር ይወድቃል።

መጀመሪያ ግን ማን ከማን እንደሚወለድ ባጭሩ እንለይ።

ዩኒክስ እ.ኤ.አ. በ1969 አሜሪካ ውስጥ ቤል ላብስ በተባለ የምርምር ተቋም ተጀመረ። ጀማሪዎቹ ኬን ቶምፕሰንና ዴኒስ ሪቺ ናቸው። በኋላ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በርክሊ የራሱን የዩኒክስ ዝርያ አሳደገ፤ ቢኤስዲ የሚባለው እሱ ነው። ሊኑክስ ከዚያ ኮድ አልተቀዳም። የሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ የነበረው ሊነስ ቶርቫልድስ እ.ኤ.አ. በ1991 ከርነሉን፣ ማለትም ሃርድዌሩንና ፕሮግራሞቹን የሚያገናኘውን የሲስተሙን እምብርት፣ ከባዶ ጻፈው። ሪቻርድ ስቶልማን እ.ኤ.አ. በ1983 ካስተዋወቀው የግኑ ፕሮጀክት መሣሪያዎች ጋር ሲገጥም ሙሉ ሲስተም ሆነ።

ዋሸራንና ጎንጅን አስቡ። ሁለቱም ቅኔ ቤት ናቸው፣ በሁለቱም ቅኔ ይዘረፋል፣ መንገዳቸው ግን ለየቅል ነው። ሊኑክስና ቢኤስዲም እንደዚያው።

የመንገዱ ልዩነት ይህ ነው። ሊኑክስ ብቻውን ከርነል ነው። ዴቢያን፣ ኡቡንቱ፣ ሚንት፣ ፌዶራ የሚባሉት ዲስትሮዎች ያንን ከርነል ወስደው፣ የሌሎችን ፕሮግራም ሰብስበው፣ በየራሳቸው ወግ ያዘጋጁታል። ቢኤስዲ ላይ ከርነሉንም፣ መሠረታዊ ፕሮግራሞቹንም፣ የአጠቃቀም ገጾቹንም አንድ ቡድን አብሮ ይሠራል። ፍሪቢኤስዲና ኔትቢኤስዲ እ.ኤ.አ. በ1993 ተጀመሩ። ኦፕንቢኤስዲ እ.ኤ.አ. በ1995 ከኔትቢኤስዲ ወጣ። የኦፕንቢኤስዲ የአጠቃቀም ገጾች ጥራት የታወቀ ነው፤ ከሲስተሙ ጋር አብረው ስለሚጫኑ ያለ ኢንተርኔት ይነበባሉ።

የፈቃዱን ክርክር ለጊዜው እርሱት። የሊኑክስ ከርነል ፈቃድ፣ ቀይረህ ስታከፋፍል ኮዱንም አብረህ ስጥ ይላል። የቢኤስዲ ፈቃድ እንዲህ አያስገድድም። ዕቃ አምርቶ ለሚሸጥ ድርጅት ልዩነቱ ትልቅ ነው። ደብዳቤ ለሚጽፍ ሰው ምንም አይለውጥም።

አንደኛ፦ ሥራችሁን በወረቀት ጻፉ

"ኢንተርኔት እጠቀማለሁ፣ እጽፋለሁ" አይበቃም። የምትከፍቱትን ፕሮግራም በስሙ ጻፉ። ዝርዝሩ ላይ ፒችትሪ ካለ እዚያው ቁሙ። ፒችትሪ የዊንዶውስ ፕሮግራም ነው። አውቶካድም፣ ፎቶሾፕም ለሊኑክስ አልተሠሩም። ዋይን በሚባል ፕሮግራም በኩል አንዳንዱ ይከፈት ይሆናል፤ የድርጅት ሒሳብ ግን "ይሆናል" ላይ አይጣልም። ሒሳብ ሠራተኛ ከሆናችሁ ዊንዶውሱን አትንኩት። አዲሱን ሲስተም ሌላ ማሽን ላይ ወይም ከጎኑ ጫኑ።

ለደብዳቤ፣ ለፈተና ወረቀት፣ ለተማሪ ውጤት ሰንጠረዥ ሊብሬኦፊስ ይበቃል። ፊልም፣ ሙዚቃ፣ ብሮውዘር በሁሉም ላይ አለ፤ በዚህ አትጨነቁ።

ኮፒ ቤት ያላችሁ ሰዎች ደግሞ የፕሪንተራችሁን ሞዴል ጻፉ። የኤችፒ ፕሪንተሮች ሊኑክስ ላይ በአብዛኛው በቀላሉ ይሠራሉ። ሆኖም እንደ ሌዘርጄት ፒ 1102 ያሉት አንድ ተጨማሪ ፋይል ከኢንተርኔት ማውረድ ይፈልጋሉ። ይህን ኔትወርክ ባለበት ቀን ጨርሱት። የካነን ትንንሽ ሌዘሮች የኩባንያውን የሊኑክስ ድራይቨር የሚፈልጉ አሉ። ለቢኤስዲ እንዲህ ያለ ድራይቨር አትጠብቁ። ለእኔ ይህ ብቻውን ኮፒ ቤትን ከቢኤስዲ ያርቀዋል።

ሁለተኛ፦ ማሽኑን እዩት

ፕሮሰሰሩ 32 ቢት ከሆነ ምርጫው ጠባብ ነው። ኡቡንቱና ዋናው ሚንት 32 ቢትን ከተዉ ቆይተዋል። ዴቢያን 13 እና ፍሪቢኤስዲ 15ም እንዲህ ያለ ማሽን ላይ አይጫኑም። ከቀሩት መካከል አንቲኤክስ የሚባለው ቀላል የሊኑክስ ዲስትሮ፣ ኦፕንቢኤስዲና ኔትቢኤስዲ ይገኛሉ። ኔትቢኤስዲ የማይጫንበት ማሽን የለም እስኪባል ድረስ ብዙ ዓይነት ሃርድዌር ላይ ይሠራል፤ ግን እንዲህ ላረጀ ማሽን ለአዲስ ተጠቃሚ አንቲኤክስ ይቀላል።

ራሙ 2 ጊጋ ከሆነ ቀለል ያለ ዴስክቶፕ (ምናሌውንና መስኮቶቹን የሚያሳየው ክፍል) ምረጡ፤ ኤክስኤፍሲኢ ወይም ኤልኤክስኪውቲ ያለው። 4 ጊጋ ካለ ሚንት ይሄዳል። 8 ጊጋ ካለ የፈለጋችሁትን። እውነቱን ለመናገር ራሙን የሚበላው ሲስተሙ ሳይሆን ብሮውዘሩ ነው። ሃያ ታብ የሚከፍት ሰው በየትኛውም ሲስተም ያማርራል። ትንሽ ብር ካላችሁ አሮጌውን ሃርድ ዲስክ በኤስኤስዲ ቀይሩት፤ ከዲስትሮ መቀያየር የበለጠ ለውጥ ታያላችሁ።

ዋይፋዩ ኢንቴል ከሆነ እፎይ በሉ። ብሮድኮም ከሆነ ሊያስቸግር ይችላል። በጥቅሉ ብዙ ካርዶችን ሊኑክስ ከቢኤስዲ ቀድሞ ይደግፋል። ኦፕንቢኤስዲ ላይ ደግሞ ብሉቱዝ ጭራሽ የለም፤ አዘጋጆቹ ራሳቸው አውጥተውታል። በብሉቱዝ ስፒከር ዘፈን የሚሰማ ሰው ይህን ቀድሞ ይወቅ።

ሦስተኛ፦ ኔትወርኩን ቁጠሩት

ከሁሉም በላይ የምንቆይበት እዚህ ነው። ሲስተም ተጭኖ አያበቃም። ማስተካከያ ይመጣል፣ አዲስ ፕሮግራም ያስፈልጋል፣ ይህ ሁሉ ዳታ ነው። በሞባይል ፓኬጅ ለሚጠቀም ሰው ደግሞ ዳታ ማለት ብር ነው።

አርች ሊኑክስ የተወሰነ ቨርዥን የለውም፤ ያለማቋረጥ ይታደሳል። ቀልጣፋ ኔትወርክ ላለው ሰው ግሩም ነው። ለወራት ሳይታደስ ቆይቶ አንድ ቀን ላድስ ሲባል ግን ጣጣ ያመጣል። የፓኬጆቹን፣ ማለትም የሚወርዱትን የፕሮግራም ጥቅሎች፣ ፊርማ የሚያረጋግጠው ቁልፍ ራሱ ያረጅና እድሳቱን ይከለክላል። መፍትሔው ቀላል ነው፣ ግን መፍትሔውን ለማንበብም ኢንተርኔት ያስፈልጋል። ጎጃም ላይ ለዋና የሥራ ማሽን አርችን አልመክርም።

ፌዶራ በየስድስት ወሩ ገደማ አዲስ ቨርዥን ያወጣል፤ እያንዳንዱ የሚደገፈው 13 ወር ያህል ነው። እድሳቱም ብዙ ነው። ጥራቱ ላይ ቅሬታ የለኝም፤ የዳታ ሆዱ ነው የሚያስፈራኝ።

ኡቡንቱ በየሁለት ዓመቱ የሚያወጣውን ረጅም ድጋፍ ያለው ቨርዥን ለ5 ዓመት ይደግፋል። ይህ መልካም ነው። ግን ስናፕ የሚባሉት ፓኬጆቹ ከበድ ይላሉ፣ ከዚያም በላይ ሳይጠይቁ ራሳቸውን ያድሳሉ። ስልካችሁን ሆትስፖት አድርጋችሁ አንድ ኢሜይል ልትልኩ ስትሉ የሞባይል ዳታችሁ እልም ሊል ይችላል። ማቆም ይቻላል፤ ግን ማቆምን የሚያውቀው ማን ነው? ሊኑክስ ሚንት በኡቡንቱ ላይ ተሠርቶም ስናፕን ከመጀመሪያው ዘግቶታል። ሚንትን የምወድበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

ዴቢያን በዚህ ጉዳይ የሚደርስበት የለም። የተረጋጋው ቨርዥን በየሁለት ዓመቱ ገደማ ይወጣል። በመሃል የሚመጣው በዋናነት የደኅንነት ጥገና ስለሆነ ዳታው ትንሽ ነው። ሦስት ዓመት ሙሉ ድጋፍ አለው፤ በረጅሙ ድጋፍ ሁለት ዓመት ይጨመርለታል። ይበልጥ የሚያስደስተው ደግሞ የዲቪዲ ፋይሉ ነው። የመጀመሪያው ዲቪዲ 4 ጊጋ ገደማ ሲሆን ብዙ ሰው የሚፈልጋቸውን ፕሮግራሞች ይዟል። አንድ ጊዜ ባሕር ዳር ጥሩ መስመር ያለው ቦታ ላይ አውርዳችሁ በፍላሽ ብታመጡት፣ ቢቸና ውስጥ ያለ ምንም ኔትወርክ ዴስክቶፑንም ኦፊሱንም መጫን ትችላላችሁ። ድሮ የዋይፋይ ድራይቨሮችን ለብቻ መፈለግ ግድ ነበር። ከዴቢያን 12 ጀምሮ ግን ከዋናው ፋይል ጋር አብረው ይመጣሉ።

ቢኤስዲዎቹስ? ኦፕንቢኤስዲ በየስድስት ወሩ ይወጣል፤ የሚደገፉት የመጨረሻዎቹ ሁለት ቨርዥኖች ብቻ ናቸው። ስለዚህ በዓመት አንዴ እንኳ የግድ ማሻሻል አለባችሁ። ማሻሻያው በአንድ ትእዛዝ ያልቃል፣ ግን ያቺ ቀን ኔትወርክ ትፈልጋለች። የዋይፋይ ፋይሎቹንም ከተጫነ በኋላ ነው የሚያወርደው። ብልሃቱ ስልክን በዩኤስቢ ገመድ አገናኝቶ ዳታ ማጋራት ነው፤ ለሊኑክስም ለቢኤስዲም ይሠራል። ፍሪቢኤስዲ መሠረቱንና ፓኬጆቹን ለየብቻ ስለሚያድስ መሠረቱ ለረጅም ጊዜ ሳይነካ መቀመጥ ይችላል። ዴስክቶፕ ለመሥራት ግን ብዙ ፓኬጅ ማውረድ አለባችሁ።

አራተኛ፦ መብራቱን አስቡ

ባትሪው የሞተ ላፕቶፕ እንደ ዴስክቶፕ ይቆጠር። መብራት ሲሄድ ዲስኩ ላይ እየተጻፈ የነበረው ነገር መሃል መንገድ ላይ ይቀራል። የሊኑክሱ ፋይል ሲስተም (ፋይሎች ዲስክ ላይ የሚቀመጡበት ሥርዓት) ኤክስት 4 የሚያደርገውን ለውጥ አስቀድሞ ይመዘግባል። መብራት ሲመለስ መዝገቡን አይቶ በሰከንዶች ይነሣል። የፍሪቢኤስዲው ዜድኤፍኤስ ደግሞ አሮጌውን ሳይነካ አዲሱን ሌላ ቦታ ይጽፋል፤ ተጽፎ ሲያልቅ ብቻ ነው ወደ አዲሱ የሚዞረው። እያንዳንዱን ቁራጭም በመቆጣጠሪያ ድምር ይፈትሻል። ሰነድ ለሚያስቀምጥ ሰርቨር ይህ ትልቅ ነገር ነው።

ኦፕንቢኤስዲ እዚህ ላይ ደካማ ነው። ፋይል ሲስተሙ እንዲህ ያለ መዝገብ የለውም። በድንገት ከጠፋ በኋላ ሙሉ ምርመራ ያደርጋል፤ ዲስኩ ትልቅ ከሆነ ያስጠብቃል፤ አንዳንዴም "ይህን ላስተካክል?" ብሎ ሰው ይጠራል። ሰው የሌለበት ክፍል ውስጥ ከተቀመጠ እንደቆመ ያድራል። ስለ ደኅንነቱ ግን ማንም አይከራከርም፤ ዓለም ሁሉ ሰርቨር የሚያስተዳድርበትን ኦፕንኤስኤስኤች የሠሩት የዚህ ሲስተም ሰዎች ናቸው። ዩፒኤስ ካላችሁ የኢንተርኔት መስመራችሁ በር ጠባቂ አድርጋችሁ አቁሙት።

አምስተኛ፦ በቅርብ የሚያውቅ ሰው ማን አለ?

የአጎታችሁ ልጅ ኮምፒውተር ሳይንስ ተምሮ ፌዶራ የሚጠቀም ከሆነ፣ እስካሁን ስለ ዳታ ያልኩትን ትታችሁ ፌዶራ ያዙ። ቀልድ አይደለም። ኔትወርክ በሌለበት ቀን መፍትሔ ፍለጋ ጎግል አይደረግም። የሚደወልለት ሰው ነው ያለው። "ጋሼ፣ ስክሪኑ ላይ ምን ይላል?" ብሎ በስልክ የሚያነሣችሁ ልጅ ከየትኛውም ዲስትሮ ይበልጣል። እንዲህ ያለ ሰው ከሌለ ደግሞ ብዙ ሰው የሚጠቀመውን ምረጡ፤ የዴቢያን ቤተሰብ ማለት ነው።

ስድስተኛ፦ ፍርዱ

ለአስተማሪ፣ ለጸሐፊ፣ ለኮፒ ቤት፦ ሊኑክስ ሚንት። 4 ጊጋ ራም ወይም ከዚያ በታች ከሆነ የኤክስኤፍሲኢው ዓይነት። ከዊንዶውስ የመጣ ሰው የመነሻ ምናሌውን ፈልጎ አይጠፋም።

ኔትወርክ በጣም ለሚያስቸግረው ሰው፦ ዴቢያን፣ ከነዲቪዲ ፋይሉ።

ለትምህርት ቤት ላብ፦ አሁንም ዴቢያን። እዚህ ላይ ሁለት ነገር ጨምሩ። አንዱን ማሽን አፕት ካቸር የሚባለውን ፕሮግራም ጭናችሁ ማጠራቀሚያ አድርጉት፤ አንድ ፓኬጅ አንዴ ከወረደ ሌሎቹ ማሽኖች ከእሱ ይወስዳሉ፣ ከኢንተርኔት ደጋግመው አያወርዱም። ሁለተኛው ኪዊክስ ነው። ዊኪፔዲያን ጠቅላላ ያለ ኢንተርኔት ያሳያል፤ የአማርኛውም አለው። ዳንግላ ወይም ቡሬ ውስጥ ለሚማር ልጅ ከዚህ የሚሻል ስጦታ አላውቅም።

ፋይል ለሚያስቀምጥ ሰርቨር፦ 8 ጊጋ ራምና ሁለት ዲስክ ካላችሁ ፍሪቢኤስዲ ከነዜድኤፍኤሱ። አንዱ ዲስክ ቢሞት ሌላው ይቀጥላል። ሰው በስህተት ያጠፋውን ፋይልም ከትናንቱ ቅጂ ትመልሳላችሁ። ይህን የሚያስተዳድር ሰው ግን መመሪያ ማንበብ የማይሰለቸው መሆን አለበት።

ለሆቴል ወይም ለቢሮ የኢንተርኔት መግቢያ በር፦ ኦፕንቢኤስዲ፣ ከዩፒኤስ ጋር።

መማር ለሚፈልግ ተማሪ፦ ሁሉንም። ዴቢያን ጭኖ፣ ውስጡ በቨርቿል ማሽን (በፕሮግራም በተሠራ ኮምፒውተር) ፍሪቢኤስዲና ኦፕንቢኤስዲ ይሞክር። አርችም ያኔ አይጎዳውም።

ሰባተኛ፦ ሳትጭኑ ሞክሩ

ፋይሉን ከሲስተሙ ዋና ድረ ገጽ ብቻ አውርዱ። ሚንት 3 ጊጋ ገደማ ነው፤ ኡቡንቱ 24.04 ወደ 6 ጊጋ ይጠጋል። ካወረዳችሁ በኋላ የሻ-256 ድምሩን (የፋይሉን መለያ አሻራ) ድረ ገጹ ላይ ካለው ጋር አመሳክሩ። በተቆራረጠ መስመር የወረደ ፋይል መሃሉ ሊበላሽ ይችላል። ችግሩ ግማሽ ከተጫነ በኋላ ሲታወቅ ያናድዳል።

ከዚያ ማሽን ከፍላሽ የሚያስነሣውን ቬንቶይ የተባለ ፕሮግራም በአንድ ፍላሽ ላይ ጫኑ። ቬንቶይ ጥሩነቱ፣ ፋይሎቹን እንደ ማንኛውም ሰነድ ኮፒ ማድረግ ብቻ ነው የሚፈልገው። ሚንትም ዴቢያንም በአንድ ፍላሽ ይቀመጣሉ። ቬንቶይ ሲጫን ፍላሹን ባዶ እንደሚያደርገው ግን አትርሱ፤ የሠርግ ፎቶ ያለበት ፍላሽ አይሁን።

ማሽኑን አጥፍታችሁ ስታበሩ፣ ብዙ ማሽን ላይ ኤፍ 12ን ደጋግማችሁ ንኩ። ኤችፒ ከሆነ ኤፍ 9። ፍላሹን ምረጡ። ሚንት ምንም ሳይጫን ይከፈታል። አሁን በጥድፊያ "አሪፍ ነው" ብላችሁ አትዝጉት። ዋይፋዩን አገናኙ፣ ድምፅ አጫውቱ፣ የስክሪኑን ብርሃን ቀንሱ፣ ክዳኑን ዘግታችሁ ክፈቱ፣ ፕሪንተሩን ሰክታችሁ አንድ ገጽ አትሙ። ፕሮጀክተር የምትጠቀሙ ከሆነም ሰክታችሁ እዩ። ፍሪቢኤስዲ እንዲህ ያለ መሞከሪያ ዴስክቶፕ የለውም። በእሱ ላይ የተሠራው ጎስትቢኤስዲ ግን አለው፤ ሃርድዌራችሁን በእሱ ፈትሹ።

ስምንተኛ፦ መጫን

መጀመሪያ ሰነዶቻችሁን ውጭ ባለ ዲስክ ላይ ገልብጡ። ዊንዶውስን ከጎኑ የምታቆዩ ከሆነ ዲስኩን የሚቆልፈው ቢትሎከር መሥራቱን እዩ፤ የሚሠራ ከሆነ ቁልፉን በወረቀት ጻፉት ወይም ቢትሎከርን አጥፉት። የዊንዶውሱን ፈጣን ማስነሻም አጥፉ። ካልጠፋ ዊንዶውስ ዲስኩን በከፊል እንደተኛ ይተወዋል፤ ሊኑክስም መጻፍ አይችልበትም። ቦታውን በዊንዶውሱ የዲስክ ማስተዳደሪያ ቀንሱ፣ ከዚያ ጫኚው ባዶውን ቦታ ይጠቀማል። ቢኤስዲ የምትጭኑ ከሆነ ለብቻው ዲስክ ስጡት። ከዊንዶውስ ጋር አንድ ዲስክ ማጋራት ይቻላል፤ ለጀማሪ ግን አልመክርም። መጫኑን መብራት ባለበት ሰዓት ወይም ባትሪ ሙሉ ሲሆን ጀምሩ።

ዘጠነኛ፦ አማርኛውን አስተካክሉ

ፊደል ለማየት ችግር የለም። ግዕዝ ፊደል፣ የዓለም ፊደላት የጋራ የኮምፒውተር ኮድ በሆነው ዩኒኮድ ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ1999 ጀምሮ አለ። አቢሲኒካ ኤስአይኤል ወይም ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ የሚባሉትን ፎንቶች ከፓኬጅ ማውጫው ጫኑ። ለመጻፍ አይባስ የሚባለውን የግቤት መሣሪያ ከኤም17ኤን ተጨማሪው ጋር ጭናችሁ፣ ከዝርዝሩ አማርኛ ሴራን ምረጡ። በላቲን ፊደል ድምፁን ስትነኩ ግዕዙ ይወጣል። በፓወር ግዕዝ ያደገ እጅ መጀመሪያ ላይ ትንሽ ይደናገራል፤ ይለምዳል።

ከባዱ የድሮ ሰነድ ነው። በኒያላ ፎንት የተጻፈ ደብዳቤ ይከፈታል፤ ኒያላ ግን የማይክሮሶፍት ስለሆነ በሌላ ፎንት ይተካል፣ የገጹም አሰላለፍ ይዛነፋል። የፈተና ወረቀት ከሆነ ከማተማችሁ በፊት ገጽ በገጽ እዩት። ዩኒኮድ ባልሆኑ የድሮ ፎንቶች የተጻፈው ደግሞ ጭራሽ የማይነበብ ምልክት ሆኖ ይወጣል። ስለዚህ ዊንዶውሱን ከማጥፋታችሁ በፊት እነዚህን ሰነዶች እዚያው ክፈቷቸው። ለማስቀመጥ ብቻ የሚያስፈልጉትን ፒዲኤፍ አድርጓቸው። ወደፊት የምታርሟቸውን ወደ ዩኒኮድ ቀይሯቸው። የቀየራችሁትን አንድ ሰነድ በሙከራ ፍላሹ ላይ ከፍታችሁ ስምና ቁጥሩ በትክክል መነበቡን ካያችሁ በኋላ ዲስኩን ፎርማት አድርጉ።